ከባሕሩ ቀለም እስከ በረዶው ማይክሮስኮፕ



 በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ እጅግ ደካማ ብርሃን ታሪክ ነው። ይህ ብርሃን ከመድከሙ የተነሳ ለብዙ ዘመን ማንም ልብ አላለውም። ዛሬ ግን ቀለም ሳይቀባ፣ ሥጋ ሳይቆርጥ፣ በሕዋሳት ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ለይቶ የሚያሳየን እርሱ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ልጆቻችን ይጠይቁናል። «አባዬ፣ ሰማዩ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ባሕሩስ?» ይላሉ። እኛም አብዛኛውን ጊዜ «ስታድግ ታውቀዋለህ» ብለን እንገላገላለን። የዛሬው ታሪካችን የሚጀምረው ግን ካደገ በኋላም ይህን ጥያቄ ካልተወ አንድ ሰው ነው።

ጨለማ ክፍል፣ ጠባብ ቀዳዳ

ስለ ብርሃን ስናነሳ አንድ ስም ሳንጠራ ብናልፍ ዕዳ ይሆንብናል። በ965 አካባቢ በበስራ ተወልዶ በ1040 አካባቢ በካይሮ ያረፈው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም፣ «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራው፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ስለሚወጣ ሳይሆን ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ መሆኑን አስረዳ። ነገሩንም በክርክር ብቻ አልተወውም። ክፍሉን አጨለመ፤ በጠባብ ቀዳዳ ብርሃን አስገባ፤ አካሄዱንም በሙከራ መረመረ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለዘመናት ሲጠና ኖሯል።

ጨለማ ክፍልና በቀዳዳ የገባ ብርሃን! ይህን ሥዕል ልብ ብላችሁ ያዙልን። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ በሕንድ አገር፣ በካልካታ ከተማ፣ እንደገና እናገኘዋለን።

የሒሳብ ሹሙና ባሕሩ

ቻንድራሴክራ ቬንካታ ራማን በ1888 በደቡብ ሕንድ ተወለደ። ያኔ ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ራማን በትምህርቱ እጅግ ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን ጤናው ስላልጠነከረ ሐኪም የእንግሊዝ አገሩን ብርድ አትችለውም ብሎ ከጉዞ አስቀረው። በዚያን ዘመን አንድ ሕንዳዊ ወጣት በሳይንስ ብቻ እንጀራ መብላት ይከብደው ነበርና፣ በ1907 በመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሹምነት ተቀጥሮ ወደ ካልካታ ሄደ።

በከተማይቱ ከ1876 ጀምሮ የቆመ የሕንድ የሳይንስ ማኅበር ቤት ነበር። ቤተ ሙከራ ቢኖረውም የሚሠራበት ሰው እምብዛም አልነበረም። ራማን ከቢሮ በፊትና ከቢሮ በኋላ እየገባ ምርምሩን ቀጠለ። ለዓመታት ቀኑን ለመንግሥት ሒሳብ፣ የቀረውን ጊዜ ለሳይንስ ሰጠ። በ1917 የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ሲሰጠው ደመወዙ እንደሚቀንስ እያወቀ ሹመቱን ትቶ ገባ።

በ1921 ለአንድ የዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። ሲመለስ «ናርኩንዳ» በተባለች መርከብ ላይ ሆኖ የሜዲትራኒያንን ባሕር አየ። ሰማያዊነቱ አስደነቀው። በዘመኑ ታላቅ የነበረው እንግሊዛዊ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ፣ ሰማዩ ሰማያዊ የሆነው አየሩ የፀሐይን ብርሃን ሲበትን ሰማያዊውን አብልጦ ስለሚበትን ነው ብሎ በትክክል አስረድቶ ነበር። ስለ ባሕሩ ግን የሰማዩ ነጸብራቅ ነው ብሎ አልፎት ነበር። ራማን በዚህ አልረካም። ኒኮል ፕሪዝም የምትባል፣ ከክሪስታል የተሠራች ትንሽ መሣሪያ ይዞ ነበርና በእርሷ የውሃውን ገጽ ነጸብራቅ ከልሎ ተመለከተ። ነጸብራቁ ሲጠፋ ሰማያዊው ቀለም አልጠፋም፤ እንዲያውም ደመቀ። ስለዚህ ቀለሙ ከራሱ ከውሃው የሚመጣ ነው ማለት ነው።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ውሃ በዋነኛነት ሰማያዊ የሚሆነው ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ሲሆን፣ የቀረውን ወደ ዓይናችን የሚመልሰው ደግሞ ራማን ያተኮረበት ብተና ነው። መልሱ ሙሉ አልነበረም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበርና ወደ ሌላ፣ ወደ ላቀ ግኝት መራው።

አንድ ሌላ ቀለም

ራማንና ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ብርሃን በፈሳሾች ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ለዓመታት አጠኑ። በ1923 ራማናታን የተባለው ባልደረባው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ የማይጠበቅ ደካማ ብርሃን አየ። ከገባው ብርሃን ቀለሙ ለየት ይላል። መጀመሪያ ውሃው ቆሻሻ ቢኖረው ነው ተባለ። ደጋግመው አጣሩት። ብርሃኑ ግን አልጠፋም።

ስንቶቻችን እዚህ ላይ ሰልችተን እንተወው ነበር? እነርሱ አልተዉትም። በ1928 መጀመሪያ ካሪያማኒካም ክሪሽናን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሥራውን ያዘ። ክፍሉ ጨለማ ነው። የፀሐይ ብርሃን በቀዳዳ ገብቶ በትልቅ መነጽር ይሰበሰብና በብልቃጥ ወዳለ ፈሳሽ ይሄዳል። መግቢያው ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያደርጋሉ፤ መውጫው ላይ ደግሞ ያንኑ ብርሃን የሚያግድ ሌላ ማጣሪያ። በዚህ አሠራር ምንም ብርሃን መታየት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ በጨለማው ውስጥ ደብዛዛ ፍካት ታየ። በአንድ ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን በስልሳ ያህል ፈሳሾች ሞክረው በሁሉም አገኙት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1928 ብርሃኑን በቀለማቱ በሚዘረዝር መሣሪያ አዩትና ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ሕንድ ዛሬ ይህን ቀን የሳይንስ ቀን አድርጋ ታስበዋለች።

ለመሆኑ ያዩት ምን ነበር? ሞለኪውል ማለት እርስ በርስ የተያያዙ አተሞች ስብስብ ነው። ማያያዣቸው እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ስለሆነ ዘወትር ይርገበገባሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው አብዛኛው በመጣበት ቀለም ይበተናል። በጣም ጥቂቱ፣ ከተበተነው ከአሥር ሚሊዮን አንዱ ገደማ፣ ለሞለኪውሉ ጥቂት ጉልበት ሰጥቶ ወይም ከእርሱ ወስዶ፣ ቀለሙን ለውጦ ይወጣል። የለውጡ መጠን በአተሞቹ ዓይነትና በማያያዣቸው ጥንካሬ ይወሰናል። ስለዚህ ቅባት የራሱ ምልክት አለው፤ ፕሮቲን የራሱ፤ ውሃም የራሱ። እንደ ጣት አሻራ ነው። ሞለኪውሉን ማንነቱን ሳንጠይቀው ብርሃኑ ይመሰክርለታል።

ምስጋና ለማን?

ውድ አድማጮቻችን፣ ታሪክ ሲጻፍ ሐቅን ለባለቤቱ መስጠት ግዴታ ነው። በዚያው ወር፣ በፌብሩዋሪ 1928፣ ግሪጎሪ ላንድስበርግና ሊዮኒድ ማንደልስታም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሞስኮ ይህንኑ ነገር በኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ አይተው ነበር። እንዲያውም የእነርሱ ምልከታ በጥቂት ቀናት ይቀድም ነበር። ነገር ግን ጽሑፋቸውን ያወጡት ዘግይተው ነው። ነገሩ ሊኖር እንደሚችል ደግሞ አዶልፍ ስመካል የተባለ ኦስትሪያዊ በ1923 በሒሳብ ተናግሮ ነበር። የ1930 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ግን ለራማን ብቻ ተሰጠ። ራማን በሳይንስ ኖቤልን የተሸለመ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። ክሪሽናን በሽልማቱ አልተካተተም፤ የሞስኮዎቹም እንዲሁ። ሩሲያውያን እስካሁን ግኝቱን በራማን ስም አይጠሩትም።

ይህን የምናነሳው የራማንን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ከቢሮ መልስ በባዶ ቤተ ሙከራ የደከመው እርሱ ነው። ግን ልጆቻችን አንድን ግኝት የአንድ ሰው ድንገተኛ ብልጭታ አድርገው እንዳያዩት እንፈልጋለን። በጨለማው ክፍል ውስጥ ብልቃጡን የያዘ ሌላ እጅ ነበረና።

ከፀሐይ ወደ ሌዘር

ግኝቱ ታላቅ ቢሆንም ለሥራ አስቸጋሪ ነበር። ብርሃኑ እጅግ ደካማ ነው ብለናል። በሜርኩሪ መብራት አንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በዚህም የተነሳ ብዙ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ሌላ፣ ወደ ቀለለ ዘዴ አዞሩ። ለሃያ ዓመታት ያህል የራማን ብርሃን የጥቂቶች ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

በ1960 የመጀመሪያው ሌዘር ተሠራ። ሌዘር አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሊሰበሰብ የሚችል ኃይለኛ ብርሃን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለራማን ምርመራ ዋለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በፈረንሳይ የሊል ከተማ ሚሼል ደላይና ባልደረቦቹ ሌዘሩን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጣመሩት። ከዚያ ወዲህ ከጠጉር በቀጠነ ቦታ ላይ የትኛው ሞለኪውል እንዳለ መጠየቅ ተቻለ። በ1990 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሕያው የሆነ አንድ ሕዋስን ውስጡን በዚህ መንገድ መረመሩ። ሕዋሱን እንዳይጎዱት የተጠቀሙት በቀይ ብርሃን ነበር።

ለምን ቀለም አይቀቡትም?

«በማይክሮስኮፕ ማየት አዲስ ነገር ነወይ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕዋስ በአብዛኛው እንደ ውሃ የጠራ ነው። ስለዚህ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ውስጡን ለማየት ቀለም ይቀቡታል፤ ወይም በሚፈልጉት ፕሮቲን ላይ የሚያበራ ምልክት ያስሩበታል። ይህ ዘዴ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ በ2008ም የኬሚስትሪ ኖቤልን ያሸለመ ነው። ነገር ግን ጥቂት ነገሮችን ብቻ በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ያሰሩበትን እንጂ ያላሰቡትን አያሳይም። ምልክቱም ከትንንሾቹ ሞለኪውሎች ይልቅ ገዝፎ ይገኛል። በአንድ ሕፃን ጀርባ ላይ ኩንታል ጭኖ አረማመዱን እንደ ማጥናት ነው። ልጁ ቢንገዳገድ ከራሱ ነው ወይስ ከሸክሙ?

የራማን ብርሃን ሸክም አይጭንም። በ2012 በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ካትሱማሳ ፉጂታና ባልደረቦቹ፣ ሕዋስ ሊሞት ሲል ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን ከማደሪያው ወጥቶ ሲሰራጭ ምንም ምልክት ሳያስሩበት አሳዩ። ይህ ፕሮቲን በቦታው ሳለ ሕዋሱ ከምግብና ከአየር ኃይል እንዲያገኝ ይረዳል። ከቦታው ሲወጣ ግን የሞት ማስታወቂያ ይሆናል።

ይሁንና አንድ ችግር አልተፈታም። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ረጅም ጊዜ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሕያው ሕዋስ ደግሞ አይጠብቅም፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ጊዜውን ለማሳጠር ሌዘሩን ቢያበረቱት ሕዋሱ ይጎዳል። ሕዋሱን በፎርማሊን መሰል ኬሚካል ቢያደርቁት ደግሞ ይቆማል፤ ግን ኬሚካሉ የሞለኪውሎቹን ሁኔታ ራሱ ይለውጣል። ብርሃኑ ትዕግሥት ይሻል፤ ሕዋሱ ፋታ አይሰጥም።

በረዶ የሰጠው ፋታ

ፋታው የመጣው ከቅዝቃዜ ነው። እዚህ ላይ እናቶቻችን በወጥ ቤት የሚያውቁትን ነገር እናስታውስ። ቲማቲም በፍሪዘር አድሮ ሲወጣ ይልፈሰፈሳል። ምክንያቱም ውሃው ቀስ ብሎ ሲረጋ እንደ መርፌ የሾሉ የበረዶ ቅንጣቶች ያበጅና ሕዋሳቱን ይበሳቸዋል። ስለዚህ ሕዋስን ማቀዝቀዝ ሊያበላሸው ይችላል።

ይህን እንቆቅልሽ የፈታው በጀርመን የሃይደልበርግ ከተማ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ዱቦሼ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እርሱና ባልደረባው፣ ውሃ እጅግ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ቅንጣት ለመሥራት ጊዜ እንደማያገኝና እንደ መስተዋት ሆኖ እንደሚቆም አሳዩ። ለዚህም ናሙናውን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደቀዘቀዘ ሌላ ፈሳሽ ይነክሩታል። ዱቦሼ በ2017 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር ኖቤልን ተሸለመ። የእነርሱ ሥራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሌሎችም ተረፈ።

የኦሳካዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ትምህርት ወደ ራማን ማይክሮስኮፕ አመጡት። ሕዋሳቱን በቅጽበት አቀዘቀዙ፤ ወዲያውም ቅዝቃዜው በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ እንዳሉ መመልከት ጀመሩ። ሁሉም ነገር ባለበት ቆሟል። ከአሁን በኋላ ብርሃኑን ረጋ ብሎ መሰብሰብ ይቻላል። ውጤቱ በዲሴምበር 2024 ታትሞ ወጣ። ምስሎቹ ቀድሞ ከነበሩት እስከ ስምንት እጥፍ ደምቀዋል፤ ዝርዝራቸውም ጠርቷል።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ደም የተቋረጠበትን የልብ ጡንቻ በዚህ መንገድ አዩ። ደም ሲቋረጥ በጡንቻው ውስጥ ያሉ፣ ብረት የያዙ ፕሮቲኖች ሁኔታቸው ይለወጣል። በኬሚካል በደረቀ ናሙና ይህ ለውጥ ይጠፋል፤ በቅጽበት በቀዘቀዘው ግን ተጠብቆ ታየ። በልብ ድካም ወይም በልብ ሕመም ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ሁሉ «በዚያች ደቂቃ ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይንስ ያችን ደቂቃ ሳያበላሽ ማቆምን ገና መማር ጀምሯል።

ያልተጠየቀችው እናት

በዚሁ ጥናት ከተመረመሩት ውስጥ ሂላ የሚባሉ ሕዋሳት ይገኛሉ። በዓለም ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ ቤተ ሙከራዎች የሚኖሩ ናቸው። ስማቸው የተወሰደው ከሄንሪየታ ላክስ ነው። እርሷ በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ያረፈች፣ የአምስት ልጆች እናት የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ሐኪሞች ከዕጢዋ ላይ ጥቂት ወሰዱ፤ እርሷን ግን አላስፈቀዱም። ሕዋሳቱ በብልቃጥ ውስጥ መራባት ቀጠሉ። ቤተሰቦቿ ይህን የሰሙት ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ይህን ስም ብናስቀር ሐቅ እናጎድላለን። እነዚያ ደማቅና ውብ ምስሎች በመሣሪያ ብልጠት ብቻ አልተገኙም። ሳትጠየቅ የሰጠች እናት አለችበት።

የተጋነነ ወሬ እንዳያታልለን

ውድ አንባቢያን፣ ስለ አዲስ መሣሪያ ሲወራ «በሽታን ሁሉ በብርሃን አወቁ» የሚል ማጋነን አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ገደቡንም እንናገር። በቅጽበት የቀዘቀዘ ሕዋስ አንዲት ቅጽበትን ብቻ ያሳያል። ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ለማወቅ ሌሎች ሕዋሳትን በሌላ ጊዜ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ይህ የተመራማሪዎች መሣሪያ እንጂ ሰው ተሰልፎ የሚመረመርበት የሆስፒታል መሣሪያ አይደለም። «በሌዘር አይተን መድኃኒቱን እንነግራችኋለን» የሚል ቢመጣ ከዚህ ሥራ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። አንድ መድኃኒት በሕዋሱ ውስጥ የት እንደደረሰ፣ ቅባት የት እንደተከማቸ፣ ሕዋሱ አየር ሲያጥረው ምን እንደሚለወጥ ሸክም ሳይጭኑ ማየት ለነገው ሕክምና መሠረት ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ከአሥር ሚሊዮን አንዱ! ይህን ያህል ጥቂት ብርሃን «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሊጣል ነበር። ራማናታን አየው፤ ክሪሽናን አጣራው፤ ራማን ምንነቱን ተረዳው፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ሌሎች በበረዶ ፋታ ሰጥተው አደመጡት። ነገሩን ሁሉ የተናገረው ብዙኃኑ ብርሃን ሳይሆን ያ የተናቀው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁ «ባሕሩ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ቢላችሁ፣ መልሱን ባታውቁት እንኳ «ዝም በል» አትበሉት። «እኔም አላውቅም፤ ና አብረን እንፈልግ» በሉት። ራማንን ከመርከቡ ጫፍ ያቆመው ይኸው ጥያቄ ነበርና።